ሬር፣ ስኬርስና የጋሽ ተካ ጾም

ባለፈው ሳምንት አትላንታ አጠገብ ስማይርና ውስጥ የመኪናዬን ጎማ አየር ልሞላ ወርጄ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የዶሮ ቤት የሚወጣው የመጥበሻ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታው። እንደው በቃ፣ ሽታ ነው፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ ትንሽ የኮምጣጤ ነገር። ግን የአየር ቱቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ክላክስ እስኪያደርግብኝ ድረስ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ያ ዶሮ ቤት ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ቀለሙም። ድራይቭ ስሩ ላይ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ተናግሮ የሚያዝበት ሳጥን ግን እዚያው ማዕዘኑ ጋ ነው። ለእኔ ያ ሳጥን ሐውልት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለኝም፤ ምን እንዳየ ስነግራችሁ ታቆማላችሁ።

ጋሽ ተካ የእናቴ አጎት ናቸው። አባቷ ገና ልጅ ሆና ስለሞቱባት ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ደሴ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እናቴ ይችን ሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ማዕረግ ነበር የምትጠራት። ገና ቪዛቸው ሳይመታ አረጋውያን ለምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ባልደረቦቿ፣ ለአፓርታማው ማናጀር፣ ለእኔ ለራሴ ሳይቀር «አጎቴ ይምጡና እንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ታያላችሁ!» ስትል ከረመች። እኔ እንግዲህ ቴሌቪዥን ላይ ዜና እንደሚያነብ ሰው የሚናገር ሰውዬ ነበር የምጠብቀው።

ጥር ላይ መጡ። ከኤርፖርቱ በር የወጡት ቀጭን ሽማግሌ፣ ቡናማ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው የለበሱ፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚሸቱ ነበሩ። ሻንጣቸውን ላወረደላቸው ሰው ቆም ብለው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «አይ አም ማች ኦብላይጅድ ቱ ዩ፣ ሰር» አሉት። ሰውዬው እናቴን አየና «ምን አለ?» አላት። እናቴ «አመሰገኑህ» አለችው፤ እንደተናደደች አንገቷ ያስታውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ እዚሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ እርስዎ የሚባል ነገር ምላሴ ላይ አልነበረም። «አንተ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» ነው የምላቸው። እናቴ «ቱ! ባለጌ!» ትላለች። እሳቸው «ተያት፣ እግዜርንም አንተ አይደል የምንለው» ብለው ይስቃሉ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ባድበሰብሰው ደስ ባለኝ።

ሁዳዴ የገባ ሰሞን ነው። እናቴ ከትምህርት ቤት አነሣችኝ፤ ጋሽ ተካ አብረዋት አሉ። ቤት ገብታ የምትሠራበት ጊዜ የላትም፣ ማታ ሺፍት አላት። «ድንችም ቢሆን እንብላ» ብላ ወደዚያ ዶሮ ቤት ታጠፈች። ሰልፉ ላይ ሳለን ሱፐርቫይዘሯ ደወለችባት። በጆሮ ማዳመጫ እያወራች ሳጥኑ ጋ ደረስንና ማይኩን በእጇ ሸፍና ወደ ኋላ ዞረች፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ይዘዙልን እስቲ። እንግሊዝኛው የእርስዎ አይደል!» አለቻቸው። በኩራት ነው ያለችው። ጋሽ ተካ ከእሷ ጀርባ ነበር የተቀመጡት፤ እኔ ከጎናቸው።

መስኮቱን አወረዱ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ሳጥኑን እንደ ሰው «ጉድ አፍተርኑን» አሉትና ረጅም፣ ቆንጆ፣ አንዲት ነገር ያልጎደላት ዓረፍተ ነገር ጀመሩ፤ እኛ ጾም ላይ ነን፣ ሥጋም ወተትም ቅቤም የማይነካው አንዳች ነገር ቢኖራችሁ ብታቀርቡልን ደስታችን ነው፣ የሚል።

«ዋት?» አለ ሳጥኑ።

ደገሙት። «ሰር፣ ዋት?» ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ሲስቅ ተሰማ። እኔ ደግሞ ርቦኛል፣ አፍሬያለሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በጭናቸው ላይ ተንጠራርቼ «ሂ ዋንትስ ኤ ቺክን ሳንድዊች!» ብዬ ጮህኩ። ጮኼም አልቀረሁ፣ ከሳጥኑ ጋር አብሬ ሳቅኩ።

ሳጥኑ ወዲያው ገባው። «ታንክ ዩ፣ ቤቢ!» አለኝ። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ!

እናቴ ስልኳ ላይ እንዳለች የተቀበለችውን ወደ ኋላ አቀበለች። ጋሽ ተካ በሁዳዴ፣ የዶሮ ሳንድዊች ጭናቸው ላይ ይዘው፣ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዘይቱ በወረቀቱ አልፎ ቡናማ ሱሪያቸው ላይ ሲሰፋ አየሁት። መዳፌን የምታህል ክብ ሠራ። ቤት ስንገባ እናቴ ከረጢቱን ከፍታ «ምንድነው ይሄ? በሁዳዴ!» ስትል፣ እሳቸው «ሰዎቹ ተሳስተው ነው» አሉ። ለእኔ መዋሸታቸው መሆኑን እንኳ አላወቅኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋሽ ተካ አፍ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣችም። ጎረቤታችን ሽማግሌው ሚስተር ሊ በየጠዋቱ «ጉድ ሞርኒንግ!» ሲላቸው ባርኔጣቸውን ብቻ ያነሣሉ። አንድ ቀን፣ «ለምንድነው እንግሊዝኛ የማታወራው?» አልኳቸው።

«ጾሜዋለሁ» አሉኝ።

እኔም አመንኩ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ እንግሊዝኛ፤ በቃ፣ ዝርዝሩ ይኸው ነው አልኩ። እናቴስ ለምን አልጾመችውም ብዬ ደግሞ አሰብኩ። እሷ ሥራ ስላላት ቄሱ ፈቅደውላት ይሆናል አልኩና ለራሴ መለስኩ።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት መጣ። የቤተሰብ የቃላት ቅዳሜ ይደረጋል፤ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ሆኖ የቃል ትርጉምና አጠቃቀም ይወዳደራል ይላል። ሠላሳ ቃላት ከነትርጉማቸው አብረው ተልከዋል። ለእኔ ይህ ቀልድ አልነበረም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ስሜን መጥራት አቅቷቸው «ቲ» ነበር የሚሉኝ፤ ትርሲት ተብሎ ስሜ ሙሉውን በማይክ ሲጠራ መስማት እፈልግ ነበር። ግን አዋቂ ከየት ይምጣ? አባቴ ትራክ ይነዳል፤ ቅዳሜ ቴክሳስ ይሁን ኦሃዮ እግዜር ነው የሚያውቀው። እናቴ ቅዳሜ ሥራ ናት። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛ ጾመዋል። ቀን መቁጠሪያው ጋ ሮጬ ቆጠርኩት። ፋሲካ ከውድድሩ በፊት ነው! ይደርሳል!

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና፣ ሌላ ሰው አዲስ መኪና እንደሚያየው ዙሪያውን አዩት። በነጋታው ትምህርት ጀመርን።

እንዴት አስተማሩሽ በሉኝ። ቃሉን እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ነው። መጀመሪያ በቁርስ ካርቶን ጀርባ ነበር። ከዚያ ቢጫው ብናኝ መጣ። ጥዱ አበባውን አራግፎ መኪናው፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ ደረጃው፣ የሰው ጫማ ሳይቀር ቢጫ ሲሆን፣ ጋሽ ተካ የእናቴን መኪና ኮፈንና የፊት መስታወት አይተው ፊታቸው በራ። «ይሄ እኮ ሰሌዳ ነው!» አሉ። በጣታቸው መጻፍ ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ የያዘ ጣት እንዴት ያለ ቆንጆ ፊደል ይጽፋል! እኔ እያነበብኩ አስነጥሳለሁ፣ እሳቸው በመሐረባቸው ይጠርጉልኛል። እናቴ ማታ ወጥታ «የሰው መኪና ደብተር አደረጋችሁት!» ትልና፣ ዋይፐር አድርጋ ግማሹን ትምህርት አጥፍታው ወደ ሥራ ትሄዳለች።

ሕጋቸው አንድ ነበር። ቃል አወቅኩ የሚባለው በሦስት ምስክር ነው፤ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች በትክክል ካልተናገርሽው ገና የሰው ነው፣ ያንቺ አይደለም። ደሴም ተማሪዎቻቸውን እንዲህ እያሉ ገበያ ይልኩ ነበር። «እዚያ ማን እንግሊዝኛ ይሰማል?» ስላቸው «ማንም» አሉ፤ «ግን ሰው ፊት አፍ መክፈት ይለምዳሉ።»

ከሠላሳው ቃላት ሁለቱ ጋ ስንደርስ ተቆጡ። ሬር እና ስኬርስ። ወረቀቱ ለሁለቱም «በቀላሉ የማይገኝ» ብሎ አልፏል። «ማነው ይሄን የጻፈው? ሁለት ሰው አንድ ካፖርት ውስጥ ከተተ እኮ!» አሉ። ኮፈኑ ላይ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ጻፉና በመካከላቸው መስመር አሰመሩ።

«ነጭ ቁራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጦሳ ተራራ ሥር። ክፍሉን ሙሉ ይዤ ወጥቼ ቆመን አየነው። ነጭ ቁራ ስለሌለ የተራበ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ስለዚህ ሬር ነው። ብርቅ ነው። ደሴ ደግሞ ውሃ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። እናትሽ ያንቺ እኩያ ሆና ጀሪካን ይዛ ቦኖ ላይ ስትሰለፍ አያት ነበር። ውሃ ብርቅ ነው እንዴ? በቧንቧ የሚያልፍ ነገር! ግን የሚያስፈልገንን ያህል የለም። እሱ ስኬርስ ነው።» ጣታቸውን ከቢጫው ብናኝ አነሡ። «ስኬርስ ያስጨንቃል፣ ሬር ያስደንቃል። ያዝሽ?»

ያዝኩ። ኧረ ከመያዝም አልፌ ተለከፍኩበት። ባለ አራት ቅጠል ሣር አገኘሁ፣ ሬር! ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል፣ ሬር! አንድ ቀን የግራ እጅ ጓንት ብቻ አግኝቼ ሬር ነው ብዬ ይዤ ብመጣ፣ «እሱ እንኳ የጠፋ ጓንት ነው» አሉኝ። ለስኬርስ የመጀመሪያ ምስክሬ የስኩል ባስ ሹፌሯ ሚስ ዶሪስ ነበረች። ሦስት ሦስት ሆነን ተጣብበን ስንቀመጥ «ሚስ ዶሪስ፣ ዛሬ ወንበር ስኬርስ ነው» አልኳት። በመስታወት አየችኝና «እውነትሽን ነው የኔ ማር፤ ለአለቆቼ ንገሪልኝ» አለችኝ። ሁለተኛው ሚስተር ሊ ነው፤ የላውንድሪ ክፍሉ ውስጥ አንድ ማድረቂያ ብቻ በሚሠራበት ቀን።

ሦስተኛዋ እናቴ ነበረች። አልጋ ላይ ልብስ እያጠፈች ነው። የአባቴን ካልሲዎች ጥንድ ጥንዱን ትጠቀልላለች፤ አባቴ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው።

«ማሚ፣ ዳዲ ስኬርስ ነው ወይስ ሬር?»

«ምን ማለት ነው ደግሞ?»

በጋሽ ተካ አነጋገር አስረዳኋት፤ ያስጨንቃል፣ ያስደንቃል አልኳት። የያዘችውን ካልሲ ፈታ እንደገና ጠቀለለችው። «ስኬርስ» አለች በመጨረሻ። «ሬር ቢሆንማ ሲመጣ ተደንቄ፣ ሲሄድ ዝም እል ነበር።» ከዚያ ፊቷን በካልሲው ጠረገችና «ሂጂ፣ የቤት ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። ሦስተኛውን ምስክር አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ የቀሩትን ካልሲዎች መቁጠር ያዝኩ። ቃል እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኝተን ተነሣን። አባቴም ለሁለት ቀን መጥቷል! ዶሮው ቀረበ፣ ሁሉም ይበላል፣ እኔ ግን የማየው የጋሽ ተካን አፍ ነው። ሥጋ ፈሰኩ። ቅቤ ፈሰኩ። እንቁላሉንም ፈሰኩ። እንግሊዝኛው መቼ ነው? በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ሊ ነው፤ የእሱ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል፣ ግን የእኛ መሆኑን እናቴ ነግራው ኬክ ይዞ መጥቷል። ቀጥ ብሎ ወደ ጋሽ ተካ ሄዶ «ሃፒ ኢስተር፣ ሰር!» አላቸው።

ጋሽ ተካ ተነሡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ተቀመጡ። ምንም የለም።

ሚስተር ሊ ኬኩን ሰጥቶ ሲወጣ መታገሥ አቃተኝ። «ፋሲካ ነው እኮ! አሁን ይፈቀዳል!»

«ምኑ?» አለ አባቴ።

«እንግሊዝኛው! በሁዳዴ ጾሞት ነበር እኮ!»

አባቴ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ጋሽ ተካ የዶሮውን አጥንት ሰሃኑ ላይ አስቀምጠው «የሱ ጾም ፋሲካ የለውም፣ ልጄ» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደው በደከመ ድምፅ። ዓይኔ ሱሪያቸው ላይ አረፈ። ያው ቡናማ ሱሪ ነው፣ ለበዓል የለበሱት። እናቴ በሳሙና በኮምጣጤ ብትሞክረውም ያልለቀቀው የዘይት ክብ ጭናቸው ላይ አለ።

ያኔ ገባኝ። ሳጥኑ አይደለም ዝም ያሰኛቸው። ሳጥኑማ ምን ያውቃል፣ ዕቃ ነው። የሳቅኩት እኔ ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው፤ ያንን ቀን ተረቱን አላውቀውም ነበር፣ ነገሩን ግን አወቅኩት። ይቅርታ ልል ሦስት ጊዜ ወደ ክፍላቸው በር ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። «ውድድሩ ይቅር» ብቻ ነው ማለት የቻልኩት።

«ለምን ይቀራል? እኔ በጆሮሽ እናገራለሁ፣ አንቺ በአፍሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ወደ ሥራ ስትሄድ አወረደችን። የትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ የወለል ሰምና የፓንኬክ ሽሮፕ ይሸታል። የሌላው ልጅ አባት ቁምጣና ቲሸርት ነው፤ የእኔ ሰው ከነሰደርያቸው፣ ክራቫታቸው እንደታሰረ። ሰው ዞር እያለ አየን። አንገቴ ጋለ፤ ግን ያንን የዘይት ክብ ሳየው፣ በል እስቲ እንተያይ አልኩና እጃቸውን ያዝኩ።

ጀመርን። የላይብረሪዋ ሚስ ኮል ካርድ ታወጣለች፣ አንዱ ትርጉም ይላል፣ አንዱ በዓረፍተ ነገር ይጠቀማል። ጋሽ ተካ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ሹክ ይሉኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እዘረግፈዋለሁ። ወይ ጉድ! ማን ያቆመናል! የአራተኛ ክፍል መንትዮችን ከነእናታቸው ጣልን። የሳይንስ መምህሩን ከነልጁ ጣልን። ከሃያ ቤተሰብ በላይ የነበረበት አዳራሽ ውስጥ መድረኩ ላይ ሁለት ቀረን፤ እኛ፣ እና ብራንደን የሚባል ልጅ ከጠበቃ አባቱ ጋር።

ከዚያ ሚስ ኮል የመጨረሻውን ሕግ አነበበች። በዚህ ዙር ትርጉሙን የሚናገረው አዋቂው ነው። ልጁ አጠቃቀሙን ብቻ። ሹክሹክታ ክልክል ነው።

ጋሽ ተካን አየኋቸው፤ ሚስ ኮልን እያዩ ነው፣ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ሚስ ኮል ሁለት ካርድ ባንድ ላይ አነሣች። «ሬር እና ስኬርስ» አለች። «ልዩነታቸው ምንድነው?» ተራው መጀመሪያ የጠበቃው ነበር። ትከሻውን ነቅንቆ «እውነቱን ለመናገር ያው ናቸው፤ ሁለቱም በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው» አለ። ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው፤ ምን ይፈረድበታል። ሚስ ኮል ግን ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ እኛ ዞረች።

ዝም።

ጋሽ ተካ ዝም። አንድ ሕፃን ወንበር ሲያንቋቋ ብቻ ይሰማል። ያውቁታል! በአትላንታ ምድር እንደሳቸው የሚያውቀው የለም! ኮፈን ላይ ጽፈውታል፣ ነጭ ቁራ አይተዋል! ሚስ ኮል ሰዓቷን አየች። ሹክሹክታ ክልክል ነው ብላለች፤ ስለዚህ ሹክ አላልኩም። ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ሁሉም እየሰማኝ ተናገርኩ።

«ጋሽ ተካ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር ይበሉኝ። በሞቴ፣ ይፈስኩ!»

እርስዎ ማለቴን ያወቅኩት ካልኩ በኋላ ነው። ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዞሩ፤ ትከሻቸው ያቺን ድምፅ የሌላትን ሳቅ ሳቀች። ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ እንደቆሙት ቆሙ።

«ማዳም» አሉ፣ በእንግሊዝኛ።

«ይቅርታ፣ ምን አሉ?» አለች ሚስ ኮል።

እሳቸው ግን አልፈጠኑም፣ አልጮሁም፣ አላፈሩም። «ማዳም» አሉ እንደገና፣ እንደ መጀመሪያው፤ ከዚያ ቀጠሉ። «ስኬርስ የምንለው ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሲያጥረው ነው፤ ሰውን ያስጨንቀዋል። ሬር የምንለው ማንም ሳይቸገርበት ጥቂት ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ሲገኝ ሰው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየዋል። የመጀመሪያው ችግር ነው። ሁለተኛው ስጦታ ነው።»

ቃል በቃል ይሰማ ነበር። አዳራሹ ጆሮውን ቀስሮ ሲሰማ አየሁ። ሚስ ኮል ካርዶቹን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለች። «ትርሲት፣ ዓረፍተ ነገርሽ?»

ስሜን በማይክ ጠራችው። ሙሉውን! ግን ደስ እንዲለኝ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ አፌ ቀደመኝ። «በእኛ ቤት ቅዳሜ ቀን አባት ስኬርስ ነው። አጎቴን የመሰለ ሰው ግን የትም ቤት ሬር ነው» አልኩ።

ከበሩ በኩል «እልልልልል!» የሚል ፈነዳ። እናቴ ናት! በምሳ ብሬኳ እኛን ልትወስድ መጥታ፣ የነርሲንግ ሆም ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ቁልፏን ወደ ላይ አንሥታ። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሰማያዊውን ሪባን ሚስ ኮል ልታጠልቅልኝ ስትል ወደ ጋሽ ተካ ጠቆምኳት፤ ኮታቸው ላይ ሰካችላቸው። ጠበቃው መጥቶ እጃቸውን ጨበጠና፣ «ዛሬ አስተማሩኝ» አላቸው። «አይ አም ማች ኦብላይጅድ ቱ ዩ፣ ሰር» አሉት። ጠበቃው ምን አለ ብሎ ማንንም አልጠየቀም፤ «ኖ ሰር፣ አመስጋኙ እኔ ነኝ» አለ።

መኪናው ውስጥ እናቴ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች፣ አባቴ ጋ ደውላ ስፒከር ላይ አድርጋ ትጮሃለች። አባቴም ከመንገድ ላይ የትራኩን ክላክስ ሦስት ጊዜ ለቀቀልን። ጋሽ ተካ ከኋላዋ ናቸው፣ እኔ ከጎናቸው፤ እንደዚያ ቀን።

«ጥሩወርቅ» አሏት እናቴን። «ወደዚያ ዶሮ ቤት ንጂው።»

«ጋሼ፣ ብሬኬ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ!»

«ሁለት ምስክር አግኝቻለሁ፤ ሴትዮዋና ጠበቃው። ሦስተኛው ይቀረኛል።»

ነዳችው። ሽታው ገና ከመታጠፊያው ተቀበለን፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ የኮምጣጤ ነገር። ሳጥኑ ጋ ደረስን። መስኮቱን አወረዱ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ጉድ አፍተርኑን። አንድ የዶሮ ሳንድዊች ቢሰጡኝ ደስታዬ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ።

«ዋት?» አለ ሳጥኑ።

ሁለት እጄን አፌ ላይ ደፈንኩ። ጣቴን ነከስኩ። እናቴ በመስታወት ታየናለች፣ አትተነፍስም። ከኋላችን ያለው ክላክስ አደረገ። ጋሽ ተካ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዞረው ባርኔጣቸውን አነሡለት፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ተመልሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ከነ«ደስታዬ ነው»ው ከነምኑ፣ አንድ ፊደል ሳይቀንሱለት ደገሙለት።

ሳጥኑ ትንሽ አሰበ። «የስ ሰር። አንድ የዶሮ ሳንድዊች። ሌላስ?»

«ኤኒቲንግ ኤልስ፣ ትርሲት?» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። እጄን ከአፌ ማንሣት ስላልቻልኩ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ።

እናቴ ጥግ ይዛ ፓርክ አደረገች። ጋሽ ተካ መሐረባቸውን በዚያ የዘይት ክብ ላይ ዘረጉ፣ ወረቀቱን ፈቱ፣ አማተቡ። እንፋሎቱ መስኮቱን አላበው። ከሳንድዊቹ ትልቁን ቆርሰው እጄን ከአፌ ላይ አነሡና፣ እሳቸው ሳይቀምሱ መጀመሪያ ያጎረሱት ያንን ሳጥኑ ላይ የጮኸውን አፍ ነበር።